ከቦዩ ማዶ የኖረው ቶላ

ከጭድ ተራ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ጀርባ፣ ከፍራሽ መስፊያ ቤቴ ፊት ለፊት፣ ዙሪያውን በቦይ የተከበበ ግቢ ነበር። አሁን የለም። መርካቶን አውቃለሁ የሚል ሰው እንኳ ይህን ስነግረው አያምነኝም። ሰው በአንድ ክንድ መሬት በሚካሰስበት ሰፈር፣ ጎልማሳ ተንደርድሮ የማይዘለው ጉድጓድ በቤት ዙሪያ ምን ይሠራል ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ምንም አይሠራም ነበር። ግን ነበረ።

ያስቆፈሩት ቀኛዝማች ይገረም ናቸው። ከጎጃም ወጥተው በወታደርነት ብዙ አገር የዞሩ ሰው ነበሩ። ከፋ ሄደው የጥንት ነገሥታት በግዛታቸው ዳርቻ ያስቆፈሩትን ጥልቅ ቦይ አይተው መጡ። ኋላ አዲስ አበባ ላይ ቦታ ሲያገኙ፣ ከገጠር መሬታቸው ጭሰኞች አስመጥተው ግቢያቸውን ዙሪያውን አስቆፈሩ። ክረምት ከላይ ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ ይሞላዋል፤ በጋ ደግሞ የጎረቤቱ እጣቢና የሽንት ቤት ፍሳሽ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። መሻገሪያው ማታ ማታ ወደ ውስጥ የሚሳብ ሳንቃ ነበር።

ለሌባ ነው ይሉ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ካደጉ በኋላ ነው፤ ካወቅሁ ወዲህ ግን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። በአንድ የታሪክ መጽሐፍ ላይ፣ በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝና በአካባቢዋ አገሮች እንዲህ በውኃ ቦይ የተከበበ የገጠር ቤት በሺህ ይቆጠር እንደነበረ አነበብኩ። ነገሥታት ብቻ አልነበሩም የሚያስቆፍሩት፤ መለስተኛ ባለርስት፣ አንዳንዴም ደህና ኑሮ ያለው ገበሬ ያስቆፍር ነበር። ሊቃውንቱ ለሌባ ነው፣ ለዓሣ ማርቢያ ነው፣ መሬቱን ለማጠንፈፍ ነው እያሉ ይከራከራሉ። ብዙዎቹ ግን ቦዩ ከሁሉ በላይ ለጎረቤት ዓይን የተቆፈረ ነው ይላሉ። በቤቱ ዙሪያ ቦይ ያለው ሰው፣ ቆፍር ብሎ የሚያዘው ሌላ ሰው አለው ማለት ነው። ይህን ሳነብ ቀኛዝማች ይገረም ፊቴ ድቅን አሉ። ስለ ባለቤቶቹ የሚጽፍ አይጠፋምና እኔ የምጽፈው ስለ ቆፋሪው ነው።

ቶላ መርካቶ የገባው ደርግ በወደቀበት ዓመት ነው። ወታደር ነበር። ጦሩ ሲበተን ከሰሜን በእግሩና በልመና አዲስ አበባ ደረሰ። አምቦ አካባቢ ያሉ ዘመዶቹ ሞቷል ብለው ለቅሶውን ተቀምጠው፣ የድርሻውን መሬት ተካፍለው እንደነበር ከአገሩ ሰው ሰማ። በሕይወት ሄዶ መሬቴን መልሱ ማለት አሳፈረው። እዚሁ ቀረና ጭድ መሸከም ጀመረ።

በዚያው ክረምት የቦዩ አንድ ጎን ተደረመሰ። ቀኛዝማች በዚያን ጊዜ እርጅና ተጫጭኗቸው ነበር። በከዘራቸው እየተደገፉ ወጥተው ከውስጥ ቆሙና ተሸካሚዎቹን፣ «መቆፈር የሚችል ማነው?» ብለው ጮሁ። ቶላ አካፋ ተቀብሎ ወረደ። ሌሎቹ የሚወረውሩት አፈር መልሶ ራሳቸው ላይ ይወርዳል፤ እሱ ግን ግድግዳውን ወደ ውጭ አጋድሞ እንደ ቅቤ ቆረጠው።

«የት ለመድከው?» አሉት ቀኛዝማች።

«ምሽግ ነው፣ ጌታዬ። ወታደር ቤት ሥራዬ እሱ ነበር።»

«ስትጨርሱ ማን ይገባበታል?»

«እኛው።»

ቀኛዝማች ሳቁ። «እዚህስ አትገባም» አሉት።

ሲጨርስ ምሳ ተጠራ። ሳንቃው ላይ እግሩን ሊያነሳ ሲል፣ «ተው! በዚያ ጭቃ እግርህ ሳንቃዬን እንዳትረግጥ! በመጣህበት ና!» አሉት። መልሶ ቦዩ ውስጥ ወረደ፤ በወዲያኛው ጎን ወጣና ምሳውን በላ። ጭቃ ስለነበር ማንም ነውር አላለውም። በማግስቱ ታጥቦ፣ የተሸከመበትን ሸሚዝ ገልብጦ ለብሶ ሲመጣ፣ የቀኛዝማች ልጅ እትዬ ሠርኬ ሳንቃው ራስ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ትናንት በየት ገባህ?»

«በቦዩ፣ እሜቴ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?»

ወረደ። ሥርዓቱ በዚህ ጸና። የቦዩ ሰው በቦዩ ነው የሚሻገረው ተባለ። ሲመሽ ሳንቃውን የሚስበው፣ ሲነጋ የሚዘረጋው፣ ሲበሰብስ የሚለውጠው ቶላ ነው፤ በላዩ ግን አይሄድም።

ቀኛዝማች ከመሞታቸው በፊት በሁለቱም ማዶ የቆመ ሰው እየሰማ አንድ ቃል ተናገሩ። «ቶላ ቦዬን ከያዘልኝ፣ የበቅሎ ቤቷ የሱ ናት» አሉ። የበቅሎ ቤቷ በግቢው ጀርባ ያለች፣ ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነች አንዲት ክፍል ናት። በቅሎዋ ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ይህችን ቃል እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቶላ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ከቦዩ ወዲያ ባለች ክፍል፣ የግቢው ሰው ተብሎ መኖር።

እትዬ ሠርኬም ቃሉን አልካዱም። «አባባ ተናግረዋል፤ የአባባ ቃል አይታጠፍም። ብቻ የዘንድሮ ክረምት ይለፍ» ይሉታል። ክረምቱ ያልፋል። «በቅሎ ቤቷ ውስጥ ዕቃ አለ፤ ዕቃው ይውጣ» ይሉታል። ዕቃው አይወጣም። ቶላ እስከዚያው ብሎ ከቦዩ ወዲህ፣ በእኔ ሱቅ ግድግዳና በቦዩ ጠርዝ መካከል ባለች ቁራጭ መሬት ላይ ቆርቆሮና ማዳበሪያ አያይዞ ጎጆ ቀለሰ። እስከዚያው ያላት ጎጆ ውስጥ አረጀ።

እትዬ ሠርኬን ለማያውቅ ሰው ይህን ልንገር። ደርግ የአባታቸውን የሚከራዩ ቤቶች ወረሰ፤ የገጠሩንም መሬት ወረሰ። ቦዩን ግን የሚወርስ አልተገኘም። ስለዚህ የቀኛዝማች ልጅነታቸው ሁሉ እዚያ ጥቁር ውኃ ውስጥ ተጠራቀመ። ውኃው ሸትቶ መንገደኛ አፍንጫውን ሲይዝ እሳቸው በረንዳ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠው ያዩታል። ሳንቃው ሁለት ነበር። ለዘመድና ለባለሥልጣን ሰፊው ይዘረጋል፣ አንዳንዴም ምንጣፍ ይነጠፍበታል። ለሻጭ፣ ለዕድር ለቃሚና ለእኔ ቢጤ ጎረቤት ጠባቡ ይወረወራል። የቀረው ሰው ከማዶ ቆሞ ጮሆ ያወራል። እኔ በጠባቡ አልሻገርም ብዬ አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም። ሰፊውም አልተዘረጋልኝም።

ተሸካሚዎቹ ቶላን «ሙሴ» ይሉት ነበር። ጧት ከቦዩ ሲወጣ፣ «ሙሴ! ባሕሩን ዛሬም ከፈልከው? ሕዝበ እስራኤል የት ቀሩ?» ይሉታል። አንዱ ደግሞ፣ «ፈርዖንን እዚያው ትቷት መጥቶ ነው» ብሎ ወደ በረንዳው ያሳያል። ቶላ ይስቃል። ጥርሱ ውብ ነበር።

አንድ ቀን ስፌቴን አቁሜ፣ «ለምን በሳንቃው አትሻገርም? ማን ይገድልሃል?» አልኩት።

«ማንም አይገድለኝም፣ ጋሼ ኃይለመለኮት። ግን አንዴ ካዩኝ ያቺን ቤት ይከለክሉኛል።»

«እስካሁን የከለከሉህስ?»

«አልከለከሉኝም። አልሰጡኝም እንጂ» አለኝ።

ጤናዬን ያገባው ከዚህ በኋላ ነው። ጤናዬ አብነት መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትቸረችር የሸዋ ልጅ ናት፤ አንደበቷ ስለት አለው። ባሏ እንዴት ወደ ጌቶቹ ቤት እንደሚገባ ባየች ጊዜ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ነበር። ኋላ አንድ የበዓል ዋዜማ፣ እትዬ ሠርኬ ሽንኩርት አዘዋት፣ ዘንቢሏን አንግታ ሳንቃው ላይ ወጣች። መሀል ስትደርስ እትዬ ሠርኬ ከበረንዳቸው፣ «የማን ሚስት ናት?» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቶላ ከወዲህ ማዶ ሮጠ፤ ቦዩ ውስጥ ገብቶ እጁን ዘረጋና የገዛ ሚስቱን ከሳንቃው ላይ ወደ ጭቃው አወረዳት። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጠቆረ። ሽንኩርቱ ደረቅ እንደሆነ ለእትዬ ሠርኬ ደረሰ። ጤናዬ ከዚያ ወዲህ ወደ ግቢው አላየችም።

የእትዬ ሠርኬን ልጅ ቢኒን ቶላ በጀርባው አዝሎ ነው ያሳደገው፤ ልጁም በቦዩ ውስጥ ሲያሻግረው እንደ ፈረስ በተረከዙ ጎኑን ይኮረኩረው ነበር። ልጁ ፊደል መቁጠር እንደጀመረ እትዬ ሠርኬ፣ «ከእንግዲህ ጋሼ ነው የምትለው» ብለው ቶላን አዘዙት። ሕፃኑን ጋሼ አለው። ቢኒ አድጎ ዱባይ ተራ የጫማ ሱቅ ሲከፍትም፣ ሲያገባም ጋሼ እንዳለው ነው። በሠርጉ ቀን ሰፊው ሳንቃ ላይ ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈ። ቶላ ለሠርጉ ብሎ የገዛውን ሱሪ እስከ ጭኑ ጠቅልሎ፣ ጫማውን በጥርሱ ይዞ ወረደ። ሙሽሮቹ ከላይ፣ እሱ ከታች ተሻገሩ። የቪዲዮ ቀራጩ መብራቱን ወደ ታች ሲያዞር ቢኒ፣ «ወደዚህ! ወደዚህ ያዘው! እሱን ምን ታደርገዋለህ?» ሲል ሰማሁ።

እንዲህ እያለ፣ ከኔ ሱቅ መስመር በስተቀር ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። ቀያሾች ይመጣሉ፤ ባለይዞታው በቦታው ስፋት ልክ፣ በግቢው የሚኖር ሌላ ቤተሰብ ካለም ለየራሱ ምትክ ቤት ያገኛል የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ ወሬውም እውነት ሆነ። መርካቶ እንደ ተነካ የጉንዳን ቤት ተራወጠ። ያላገባው አገባሁ አለ፤ ተለያይተው የነበሩ ታረቁ።

እትዬ ሠርኬ ቶላን አስጠሩት። በቦዩ ወርዶ፣ ወጥቶ፣ በረንዳቸው ሥር ቆመ። ድምፃቸው ሁልጊዜ ማዶ ለማዶ መጮህ የለመደ ነውና እኔም ከሱቄ ሰማሁ።

«ቀያሾች ሊመጡ ነው። ቦዩ የኔ ግቢ ነው፤ ቦዩ እስከደረሰበት ድረስ የኔ ነው። ወደ ውጭ አስፋው።»

«ወደ ውጭ የኔ ጎጆ አለች፣ እሜቴ።»

«አፍርሳት።»

ቶላ ወደ ጎጆው ዞሮ አየ።

«ምን ያስደነግጥሃል? አንተ ከእንግዲህ እዚያ ምን ትሠራለህ? የበቅሎ ቤቷ አለችህ አይደል እንዴ! ቀያሾቹ ሲመጡ ቶላ የግቢዬ ሰው ነው፣ ክፍሉም ያቺ ናት እላለሁ። ቤት ይሰጡሃል። ይኸው!» ብለው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ቁልፍ አሳዩት። «ቆፍረህ ስትጨርስ ትወስዳለህ።»

ቶላ ጎንበስ ብሎ መሬት ሳመ። ከቀኛዝማች ሞት ወዲህ ቁልፉን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

ጤናዬ ግን እንደሰማች ዘንቢሏን ወርውራ መጣች። ጎጆዋ ደጃፍ ላይ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ቁልፉን ተቀበልና ቆፍር።»

«ስጨርስ እሰጥሃለሁ ብለዋል።»

«ሰው ቤቱን አፍርሶ ነው ቁልፍ የሚለምነው?»

«የቀኛዝማች ቃል አለ፣ ጤናዬ።»

«ቀኛዝማች አፈር ሆነዋል። ጎበዝ ከሆንክ ሂድና እሳቸውን ቆፍረህ አውጣልኝ፤ እኔ ራሴ እጠይቃቸዋለሁ!»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ቶላ አልሳቀም። ቆርቆሮውን ከጣሪያው ነቅሎ እኔ ሱቅ ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ከዚያ አልጋውን፣ ድስቱን፣ የጤናዬን ሣጥን አውጥቶ እዚያው ከመረና ዶማውን አነሳ። የተኛበትን መሬት ሲቆርጥ አየሁት። የምሽግ ሰው ነውና አላበላሸም፤ ግድግዳውን ወደ ውጭ አጋድሞ፣ ጠርዙን አስተካክሎ፣ አፈሩን ወደ ግቢው ወገን እየወረወረ ቆረጠው። የእትዬ ሠርኬ መሬት ከሱ ወለል በወጣ አፈር ከፍ አለ። ውኃው ምድጃው የነበረበት ቦታ ሲደርስ አመዱ ነጭ ሆኖ ተንሳፈፈ።

ጎረቤታችን ናኢማ በዚያ አለፈች። ዱባይ ተራ ጨርቅ የምታከፋፍል፣ ለሰው የምታዝን ነጋዴ ናት።

«ያ ረቢ! ቶላ፣ የቆምክበትን እኮ ነው የምትቆርጠው!»

«ወደ ውስጥ ልገባ ነው፣ እትዬ ናኢማ» አላት ከታች ሆኖ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

«ማን ነው እንዲህ ያለህ?»

«እሜቴ።»

ናኢማ ወደኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ ሽማግሌ አይደሉ? ይንገሩት እንጂ።»

«ነገርኩት» አልኳት። «ቁልፍ አይቷል።»

ቀያሾቹ የመጡት ቶላ የመጨረሻውን ጠርዝ እያስተካከለ ሳለ ነው። ሁለት ወንዶችና አንዲት ወጣት ሴት ነበሩ፤ አለቃዋ ሴቲቱ ናት። ሰፊው ሳንቃ ተዘረጋ፤ ምንጣፉም ወጣ። ቦዩን እስከ አዲሱ ጠርዝ ለኩት። ቤቱን ለኩ። የበቅሎ ቤቷ ጋ ሲደርሱ ቢኒ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ከፈተላቸው። ውስጧ አልጋ ተዘርግቷል፣ መጋረጃ ተሰቅሏል።

«ይህች የኔና የሚስቴ ናት። ከእማዬ ጋር በአንድ ግቢ እንሁን እንጂ ጓዳችን ለየብቻ ነው» አለ ቢኒ።

ቶላ ቦዩ ውስጥ ሆኖ ሰማ። አካፋውን ተደግፎ ቀጥ አለ። እኔ ልታገሥ አልቻልኩም። ከሱቄ ወጥቼ ጠርዙ ላይ ቆምኩ።

«የኔ ልጅ!» አልኳት ቀያሿን። «እኔ የዚህ ሰፈር ሽማግሌ ነኝ። ይህ ሰው ቀኛዝማች ከነበሩ ጀምሮ የዚህ ግቢ ሰው ነው። ያቺም ክፍል የሱ እንደሆነች ቀኛዝማች ሲናገሩ ሰምቻለሁ።»

እትዬ ሠርኬ ከበረንዳቸው ሆነው፣ «እኔን ስሙኝ እንጂ፣ የፍራሽ ሰፊውን ወሬ ትታችሁ!» አሉ። «የቀን ሠራተኛ ነው። ቦይ ያጸዳል፣ ይሄዳል።»

«የት ነው የሚሄደው?» አለች ልጅቱ። ደግ ልጅ ናት፤ ዓይኗ ያስታውቃል። ወደ ቶላ ዝቅ ብላ፣ «አባቴ፣ የት ነው የሚኖሩት?» አለችው።

ቶላ ዙሪያውን አየና የቆመበትን ውኃ አሳያት። «እዚህ ነበር ቤቴ። ትናንት አፈረስኩት።»

«ማን አፍርስ አለዎት?»

ወደ በረንዳው አየ። አሁንም ቁልፉን ይጠብቅ ነበር ብል አላጋንንም።

ልጅቱ ለጓዶቿ የሆነ ነገር ተናገረች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የግቢው ሰው ከሆኑ ይግቡና ክፍልዎን፣ ዕቃዎን ያሳዩን። አይቼ ነው የምመዘግበው» አለች። ይህን ስትል ልትረዳው ፈልጋ እንደሆነ እምላለሁ። ገብቶ እዚያች ክፍል በር ላይ ቆሞ «የኔ ናት» ቢል ኖሮ ነገሩ ያከራክር ነበር።

እትዬ ሠርኬ ቶላን ካሳደገችው እናቱ በላይ ያውቁታል። ፈገግ አሉ።

«እውነት ነው፤ ይግባ። ማን ከለከለው? ቢኒ፣ ሳንቃውን አስተካክልለት። ሰፊውን!»

ቢኒ ሳንቃውን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ አደላደለ። ምንጣፉ እንዳለ ነው። ቶላ ከውኃው ወደኛ ወገን ወጣ፣ እግሩን በማዳበሪያ ጠረገ፤ ሳንቃው ራስ ላይ ደርሶ ቆመ። ተሸካሚዎቹ፣ ባለሱቆቹ፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሟል። ሰፊው ሳንቃ በስሙ ተዘርግቶለት አያውቅም። አንድ እግሩን አነሳ። ምንጣፉን አየ፣ እግሩን አየ፣ በረንዳውን አየ። እግሩን መለሰ።

ወረደ። ሁልጊዜ በሚወርድበት ቦታ፣ ሁልጊዜ በሚወርድበት ሁኔታ። ነገር ግን ቦዩን ያሰፋውና ያጠለቀው ራሱ ነውና ውኃው ደረቱ ደረሰ። እየቀዘፈ ተሻገረ፤ ግድግዳውን በጥፍሩ ቧጥጦ፣ ሁለቴ ተንሸራቶ፣ በሦስተኛው ወጣ። ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር ሆኖ፣ የሽንት ቤት ውኃ ከጢሙ እየተንጠባጠበ ቀያሿ ፊት ቆመ።

ሳቁ ጭድ ተራ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። «ሙሴ! ሙሴ!» እያሉ አጨበጨቡ። ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ልጅቱ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ያፈረችም ትመስላለች።

«ሳንቃው እያለ?» አለችው።

«እኔ ሁልጊዜ በዚህ ነው የምገባው» አላት ቶላ። በጨዋ ደንብ፣ ሥርዓቱን እንደሚያስረዳ ሰው ነው የመለሰላት።

«ሰማሽ፣ ልጄ?» አሉ እትዬ ሠርኬ። «የቤት ሰው በዚህ ይገባል?»

ልጅቱ ስሙን ሳትመዘግብ መዝገቧን ዘጋች። ጓዶቿ ሜትራቸውን ጠቀለሉ።

በዚህ ጊዜ ጤናዬ ከዕቃዋ ክምር ላይ ተነሳች። ማንንም ሳታይ፣ ሽንኩርት በሸተተ ቀሚሷና በተቀዳደደ ጫማዋ ሳንቃው ላይ ወጣች። ምንጣፉን ረግጣ፣ ቀስ ብላ፣ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ሄደች። ማንም አልከለከላትም። ሰማይ አልተደፋም። ባሏ ጋ ደርሳ የጠቆረ እጁን ያዘችና፣ «ና። በዚህ እንሂድ» አለችው።

ቶላ ሳንቃውን አየ። ወደ በረንዳውም አየ። ከዚያ እጁን ከእጇ ቀስ አድርጎ አወጣ።

«አንቺ ሂጂ። እኔ በዚህ እመጣለሁ» አላት።

መልሶ ወረደ። ጤናዬ ሲወርድ ቆማ አየችው። አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። በሳንቃው ተመልሳ ሣጥኗን ብቻ ከክምሩ መዝዛ አነሳችና በአብነት መንገድ ሄደች። ቶላ ከቦዩ ሲወጣ አልነበረችም።

ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። የባሕር ድምፅ የጨመሩበት ነበሩ። ቢኒ ሱቅ የሚመጡ ደንበኞች «ያ ሰውዬ የእናንተ ነው አይደል?» እያሉ ይስቁ እንደነበር ናኢማ ነገረችኝ። ናኢማ ለቶላ ዕቃ ማስቀመጫዋ ውስጥ ማደሪያ ልትሰጠው ብላ ነበር። ማስቀመጫው ያለበት ሕንፃ ሰዎች ግን ሽታውን ሰበብ አድርገው አስወጡት። ታጥቦ ነበር፤ እኔ ራሴ ሳሙና ሰጥቼዋለሁ።

ማሽኑ መጥቶ ቦዩን ሲደፍነው ቶላ ከኔ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ አየ። ሾፌሩ በስልኩ እያወራ ነበር የሚደፍነው። ከሰዓት በኋላ እዚያ ቦይ እንደነበረ የሚያስታውቅ ምንም አልቀረም። ቶላ አንዴ ብቻ ተነስቶ፣ «እዚያ ጋ ይሰምጥብሃል፣ አፈሩ አዲስ ነው» ብሎ ለሾፌሩ ጮኸለት። ሾፌሩ በመስኮት እጁን አውለበለበለት።

እትዬ ሠርኬና ቢኒ ለየብቻቸው በከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ላይ ምትክ ቤት አገኙ። ከጥቂት ወራት በኋላ እትዬ ሠርኬ ሰው ልከው ቶላን አስጠሩት። ሂድ አላልኩትም፤ አትሂድም አላልኩትም። ቆርቆሮዎቹን ለኔ ትቶ፣ አካፋውን ይዞ ሄደ።

ባለፈው ሰሞን በዚያ በኩል ለቅሶ ደርሼ ሳልፍ ገብቼ ጠየቅሁት። የሚያድረው ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ነው። ደረጃውን ይጠርጋል፣ ውኃ ሲጠፋ በጀሪካን ሽቅብ ያወጣል፣ የእትዬ ሠርኬን ቆሻሻ ያወርዳል። ምሳ ሲደርስ ሠራተኛዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ሳህኑን አቀበለችው። ደረጃው ላይ ተቀምጦ በላ። ጥርሱ አሁን ሁለቱ የሉም።

«ደህና ነህ?» አልኩት።

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ። እላይ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ በሩ እያየ። «ዕቃ ስላለባት ነው። ዕቃው ሲወጣ እሰጥሃለሁ ብለውኛል፣ እሜቴ።»

ስመለስ በአብነት በኩል አለፍኩ። ጤናዬ ከድሮ ቦታዋ ትንሽ ፈቀቅ ብላ፣ ሸራ አንጥፋ ሽንኩርት ትሸጣለች። ከቶላ ዘንድ እንደመጣሁ ነገርኳት። ቀና አላለችም።

«ምግብ ይሰጡታል?»

«ይሰጡታል።»

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«በሩ ላይ» አልኳት።

ደንበኛዋ ግማሽ ኪሎ ብሏት ነበር። ሚዛኑ ላይ አንድ ራስ ጨመረች፣ አንድ ቀነሰች፣ ቋጠረችና ሰጠችው።